ቸኮሌት ማካሮን በቤት ኦቨን፦ እግር እስኪያወጣ ድረስ

ማካሮን ስል መኮሮኒ ማለቴ አይደለም። ይህን ቀድሜ የማነሣው ቤት ውስጥ «ዛሬ ማካሮን እሠራለሁ» ባልኩ ቁጥር «ሱጎው በምንድን ነው?» የሚል ሰው ስለማይጠፋ ነው። ማካሮን ትንሽ ክብ ጣፋጭ ነው። ከአልመንድ ዱቄት፣ ከስኳርና ከተመታ የእንቁላል ነጭ ሁለት ቅርፊት ይጋገራል፣ መሃሉ ክሬም ይገባና ይገጣጠማል። ላዩ ልሙጥ ነው። ስትነክሱት በስሱ ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ግን ረጠብ ብሎ ጥርስ ላይ ይለጠጣል። ከሥሩ ዙሪያውን የሚታየው ሻካራ ጠርዝ «እግር» ይባላል፤ ፈረንሳዮቹም የሚጠሩት እግር ብለው ነው። ማካሮን የሚጋግር ሰው ሁሉ ኦቨኑ መስታወት ፊት ቁጢጥ ብሎ የሚጠብቀው ይህን እግር ነው።

አልመንድና የእንቁላል ነጭ የሚገባበት ብስኩት በአውሮፓ የቆየ ነገር ነው። ሁለቱን ቅርፊት በክሬም አጣብቆ ማቅረብ ግን የፓሪስ ሥራ ነው ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1862 የተመሠረተው ላዱሬ የተባለው ጣፋጭ ቤት ሐሳቡን ያመጣው የቤታችን ሰው ፒየር ዴፎንቴን ነው ይላል።

እኔ ቸኮሌቱን ስጀምር በተከታታይ አምስት ጊዜ ተበላሽቶብኛል። አንዴ ተሰነጠቀ፣ አንዴ እንደ ቂጣ ተነጠፈ፣ አንዴ ከወረቀቱ አልላቀቅ አለ። በየጊዜው አሠራር እየቀየርኩ ሌላ ሰው ያለውን እሞክር ነበር፣ ያ ነው ያደከመኝ። አንዱን ይዤ ደጋግሜ ስሠራው ግን ጥፋቱ ሁሉ ከሁለት ቦታ እንደሚመጣ አየሁ። አንዱ ሊጡን የማማስልበት መጠን ነው፣ ሌላው የራሴ ኦቨን ጠባይ። ስለዚህ በነዚህ በሁለቱ ላይ ቆም እላለሁ፣ ሌላውን ቶሎ ቶሎ እናልፈዋለን።

የሚያስፈልገው

ለቅርፊቱ፦
የእንቁላል ነጭ 100 ግራም
ደቃቅ ነጭ ስኳር 90 ግራም
የአልመንድ ዱቄት 125 ግራም
ፓውደር ስኳር 125 ግራም
ስኳር የሌለው የካካዎ ዱቄት 15 ግራም
አንድ ቁንጥር ጨው

ለመሃሉ ክሬም፦
ጥቁር ቸኮሌት 120 ግራም
ፈሳሽ ክሬም 100 ግራም
የገበታ ቅቤ 20 ግራም

ይህ ከ20 እስከ 24 ማካሮን ይወጣዋል።

ዲጂታል ሚዛን ከሌላችሁ መጀመሪያ እሱን ግዙ ወይም ተዋሱ፣ እውነቴን ነው። በኩባያ ተሰፍሮ የሚሠራ ኬክ አለ፣ ማካሮን ግን አይሆንም። «ሦስት እንቁላል» የሚል መመሪያ ብታገኙ እንኳ የማን ሦስት? የሐበሻ እንቁላል ሦስቱ ከፈረንጅ እንቁላል ሁለቱ ብዙም ላይበልጥ ይችላል። ነጩን መዝኑት።

አልመንዱ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የአሮን በትር ያፈራችው ለውዝ አልመንድ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ገበያ ገብታችሁ ለውዝ ስጡኝ ብትሉ ግን የሚሰፈርላችሁ ኦቾሎኒ ነው። ስለዚህ ሱፐርማርኬት ሄዳችሁ አልመንድ ብላችሁ ጠይቁ። ዱቄቱ ይወደዳል። ፍሬውን ገዝቶ ቤት መፍጨት ይቻላል፦ የፈላ ውኃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ዘፍዝፋችሁ ልጣጩን በጣት ግፉት፣ ቶሎ ይወልቃል። ከዚያ በደንብ ይድረቅ። እኔ ሁለት ቀን አሰጣዋለሁ። ስትፈጩት ፓውደር ስኳሩን ጨምራችሁ፣ አሥር አሥር ሰከንድ እያቆማችሁ መሆን አለበት፣ አለበለዚያ ዘይቱን ያወጣና ይለጠፋል። በቡና መፍጫ የምትፈጩ ከሆነ መፍጫውን ቀድማችሁ በደንብ ጥረጉት።

ካካዎው ደግሞ ለቁርስ ከወተት ጋር የሚበጠበጠው ጣፋጩ ዱቄት አይደለም። መራራው፣ ስኳር የሌለበት ነው።

ክሬሙን አስቀድሙ

ብዙ ሰው ክሬሙን መጨረሻ ላይ ይሠራል፣ ከዚያ እስኪረጋ ቆሞ ይጠብቃል። ቀድማችሁ ሥሩት። ቸኮሌቱን ደቀቅ አድርጋችሁ ክተፉ። ክሬሙን ጠርዙ ላይ መፍላት ሲጀምር አውርዱና ቸኮሌቱ ላይ አፍስሱት፣ ሁለት ደቂቃ ሳትነኩት ይቀመጥ፣ ከዚያ ከመሃል ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አማስሉ። ሲያብረቀርቅ ቅቤውን ጨምሩ። ጋናሽ የሚባለው ይኸው ነው። እኔ ክሬሙን ሳሞቅ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተቆላ ቡና በፍሬው እጨምርበትና አጥልዬ አወጣዋለሁ። ቸኮሌቱን የበለጠ ቸኮሌት ያደርገዋል። ሸፍናችሁ ወጥ ቤት ውስጥ ተዉት፣ ቅርፊቱ እስኪደርስ እሱም ይረጋል።

ዱቄቱን መንፋትና ነጩን መምታት

አልመንድ፣ ፓውደር ስኳርና ካካዎ አንድ ላይ ሁለት ጊዜ በደቃቅ ወንፊት ይነፉ። ወንፊቱ ላይ የቀረውን ሻካራ በማንኪያ አትግፉት፣ ለሌላ ነገር ይሁን።

ነጩን ስትለዩ እያንዳንዱን እንቁላል መጀመሪያ ሲኒ ላይ ለዩና ከዚያ ወደ ትልቁ ገልብጡ። አንድ አስኳል ቢፈስባችሁ ሲኒው ላይ ይቀራል። ቅባት የእንቁላል ነጭ አረፋ እንዳይዝ ያደርጋል፣ አስኳል ደግሞ ቅባት አለው። መምቻውንና ጎድጓዳ ሳህኑን በሎሚ ቁራጭ አሽታችሁ በንጹሕ ጨርቅ አድርቁ፣ በተለይ ወጥ የሚሠራበት ቤት ከሆነ። የፕላስቲክ ሳህን ቅባት ስለሚይዝ ብርጭቆ ወይም ብረት ይሻላል።

ነጩ ከፍሪጅ ወጥቶ ቅዝቃዜው ይልቀቀው። ጨው ጨምራችሁ በመካከለኛ ፍጥነት ምቱ። የሳሙና አረፋ ሲመስል ስኳሩን በሦስት ጊዜ ጨምሩ፣ በየመሃሉ አንድ ደቂቃ ያህል እየመታችሁ። ስኳሩ ሲሟሟ አረፋው ይጠብቃል፣ ያብረቀርቃል። በሁለት ጣት ስታሹት የስኳር ቅንጣት ካገኛችሁ ገና ነው።

እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ነገር ይመጣል። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። አረፋው ውስጥ የታሰረው አየር ኦቨን ገብቶ ሲሞቅ ወደ ታች የሚጫነው ነገር ስለሚያንስ እዚህ የበለጠ ይነፋል። የውጭ አገር መመሪያዎች «ድርቅ ብሎ ቀጥ እስኪል ምቱ» ይላሉ። እኔ መምቻውን ሳነሣ አረፋው ቆሞ ጫፉ ብቻ ትንሽ ጎንበስ ሲል አቆማለሁ። እንዲህ ማድረግ ከጀመርኩ ወዲህ መሰንጠቁም ውስጡ ባዶ መሆኑም በጣም ቀንሶልኛል።

ማማሰሉ

ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ነው፣ ስልካችሁን አስቀምጡ።

የተነፋውን ዱቄት ግማሹን አረፋው ላይ ጨምሩ። በሲሊከን ማንኪያ ከጠርዙ ዙሪያውን ጠርጉ፣ ከዚያ መሃሉን ቁረጡት። ዱቄቱ ሲጠፋ የቀረውን ጨምሩ። መጀመሪያ ደረቅና የተቆራረጠ ይሆናል፣ «ተበላሸ» ብላችሁ አትደንግጡ። ቀጥሎ እንደ ገንፎ ይሰበሰባል። አሁን አየሩን በጥቂቱ ማስወጣት አለባችሁ፦ ሊጡን በማንኪያው ጀርባ ወደ ሳህኑ ግድግዳ ጫን እያላችሁ ቀቡት፣ መልሳችሁ ሰብስቡት። ጫን፣ ሰብሰብ። ሦስት ጊዜ አድርጋችሁ አቁሙና እዩ። ሦስት ጊዜ፣ እዩ።

የሚታየው ምንድን ነው? ማንኪያውን አንሡት። ሊጡ እየተቆረጠ ዱብ ዱብ ካለ ገና ነው። እንደ ወፍራም ማር ሳይቆረጥ ከወረደና በሚወርደው ክር 8 ቁጥርን መጻፍ ከቻላችሁ ደርሷል። የጻፋችሁት ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ውስጥ ወደ ሊጡ ቀልጦ መጥፋት አለበት። ወዲያው ከጠፋ፣ እንደ እንጀራ ሊጥ የሚፈስ ከሆነ አልፏል። ያለፈ ሊጥ አይመለስም። ያነሰ ሊጥ ግን ሁለት ጊዜ ጫን ቢባል ይስተካከላል፣ ስለዚህ ስትጠራጠሩ ቀድማችሁ አቁሙ።

ቸኮሌቱ ከቫኒላው የሚከብደው በዚህ ሰዓት ነው። ካካዎ ውኃ ይጠጣል፣ ስለዚህ ሊጡ ወፍሮ ይታያችሁና «ገና ነው» ብላችሁ ትቀጥላላችሁ። በዚያው ላይ ካካዎ ቅባት አለው፣ ቅባቱ አረፋውን ያፈርሰዋል። ሊጡ ወፍራም መስሎ ቆይቶ በድንገት ይፈታል። ከአምስቱ ጥፋቶቼ ሦስቱ የዚህ ነበሩ። ካካዎውን ከ15 ግራም በላይ አታሳልፉት፣ የቸኮሌት ጣዕሙን መሃሉ ላይ ያለው ክሬም ይሞላዋል።

መጭመቅና ማድረቅ

የኬክ ወረቀት ላይ በእርሳስ ክብ ሣሉ፣ የአረቄ መለኪያ አፍ ለልኩ ተስማሚ ነው። እርሳሱ ያለበትን ገጽ ወደ ታች ገልብጡት፣ ምግብ እንዳይነካ። በመሃላቸው ሁለት ጣት ክፍተት ይኑር።

ሊጡን በክሬም መጭመቂያ ላስቲክ ሙሉት። ከሌለ ወፈር ያለ ላስቲክ ጫፉን ቀደድ አድርጎ መጠቀም ይቻላል። ላስቲኩን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ፣ ሳታንቀሳቅሱ፣ ክቡ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው አቁሙ። ራሱ ይዘረጋል።

ከዚያ ፓትራውን ከጠረጴዛው አንድ ስንዝር አንሥታችሁ ልቀቁት። ጓ ይበል። ሦስት አራት ጊዜ። አየር እየፈነዳ ሲወጣ ታያላችሁ፣ የቀረውን በስቴኪኒ ውጉት። እንጀራ ላይ ዓይን ሲበዛ ደስ ይለናል፤ እዚህ ግን እያንዳንዱ ዓይን ኦቨን ውስጥ የሚሰነጠቅ ቦታ ነው።

አሁን ይድረቅ። በጣት ቀስ ብላችሁ ስትነኩት የማይለጠፍ ስስ ቆዳ መያዝ አለበት። ቆዳው ሲኖር እንፋሎቱ በላይ መውጣት ስለማይችል በሥር ይገፋል፣ እግር የሚፈጠረው በዚሁ ነው። በበጋ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ፣ እኔ ቤት በ25 ደቂቃ ይደርሳል። ሐምሌ ላይ ግን ከአንድ ሰዓት በላይ ጠብቄ አውቃለሁ። ክረምት ላይ መስኮቱን ዝጉ፣ አጠገቡ ውኃ አታፍሉ፣ ቡናም አታፍሉ። ጂዳ ወይም ዱባይ ያላችሁ ኤሲ ያለበት ክፍል አስገቡት።

ኦቨኑ

እናቶቻችን ምጣዳቸውን ያውቁታል። የት ጋ እንደሚያሳርር፣ መቼ እንደሚሰማ፣ ምን ያህል እንጨት እንደሚበቃው። የሰው ቤት ምጣድ ላይ ሲጋግሩ የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች የሙከራ ናቸው። ኦቨንም እንዲሁ ነው፣ እኛ ግን ቁጥር ስላለው ብቻ እናምነዋለን። የኔ ኦቨን 150 ሲል ውስጡ 170 ነበር። ያወቅሁት ትንሽ የኦቨን ቴርሞሜትር ገዝቼ ውስጡ ካንጠለጠልኩ በኋላ ነው።

ውስጡ በትክክል 150 ዲግሪ ይሁን። ቢያንስ 20 ደቂቃ ቀድማችሁ አብሩት። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም አታስገቡ፤ ስድስት ቅርፊት ብቻ በትንሽ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ አስገቡና ኦቨኑን ተማሩት። ከተሰነጠቀ አሥር ዲግሪ ቀንሱ። ከሥሩ ጠቆር ካለ፣ የጋዝ ኦቨን ላይ ይህ ያጋጥማል፣ ሁለት ፓትራ ደርቡ። እግሩ ወደ አንድ ጎን ካዘመመ ፋኑን አጥፉ፣ ፓትራውም ጠማማ እንዳይሆን እዩ። መካከለኛው መደርደሪያ ላይ አንድ ፓትራ ብቻ በአንድ ጊዜ።

አምስተኛው ስድስተኛው ደቂቃ ላይ ይነሣል። ቅርፊቱ ሳይሰነጠቅ ሙሉ ለሙሉ ብድግ ይላል፣ ከሥሩ ያ ሻካራ ጠርዝ ዙሪያውን ይወጣል። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳየው ሌሊት አምስት ሰዓት ነበር፣ ቤቱ ተኝቷል፣ እህቴን ቀስቅሼ አሳይቻታለሁ። ዓይኗን እያሻሸች መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች፣ እስኪወጣ ድረስ ሁለታችንም አልተነሣንም። ዛሬም ድረስ ያን ደቂቃ አልለመድኩትም።

በሩን እስከ አሥረኛው ደቂቃ አትክፈቱ። በጠቅላላ ከ15 እስከ 17 ደቂቃ ይወስዳል። ነጭ ወይም ሮዝ ማካሮን መብሰሉን በመልኩ ይነግራችኋል፣ ቸኮሌቱ ግን ከመጀመሪያውም ቡናማ ስለሆነ ዓይን አይረዳም። በጣት ላዩን ይዛችሁ በትንሹ ወዘወዝ አድርጉት። እግሩ ላይ ከተንሸራተተ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ። ጽኑ ከሆነ አውጡት፣ ፓትራው ላይ እንዳለ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ትኩሱን ለማላቀቅ የሚቸኩል ሰው ግማሹን ወረቀቱ ላይ ይተወዋል።

መብራት ከሄደስ? እኔ ላይ ደርሷል፣ ሰባተኛው ደቂቃ ላይ። በሩን አትክፈቱ። ኦቨኑ በደንብ ከጋለ ውስጡ ያለው ሙቀት ጥቂት ያበስለዋል፤ የኔ ለግማሽ ሰዓት እዚያው ቆይቶ ለመብላት የሚሆን ወጥቶልኛል፣ ለእንግዳ ግን አላቀርበውም። ገና ያልገባው ፓትራ ብዙም አይጎዳም። አንድ ሰዓት ቢጠብቅ ችግር የለውም።

እንደገና ሲበላሽ

ጥቂቱን ልጥቀስ። ላዩ ከተሰነጠቀ፦ አልደረቀም፣ ወይም ኦቨኑ በዝቷል፣ ወይም ሊጡ በደንብ አልተማሰለም። እግር ካላወጣና ከተነጠፈ፦ ማማሰሉ አልፏል። ላዩ ከተጨማደደና የቅባት ነጠብጣብ ካወጣ አልመንዱ ዘይቱን አውጥቷል፣ ወይም አሁንም ማማሰሉ በዝቷል። ውስጡ ባዶ ከሆነ አረፋው ከመጠን በላይ ተመቷል፣ ወይም ማካሮኑ ከኦቨን ቶሎ ወጥቷል። አንዱን ብቻ ቀይራችሁ ድገሙት፣ ሦስት ነገር በአንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንዳዳናችሁ አታውቁም። ማስታወሻ ያዙ፤ የኔ ደብተር የወሩን ስም፣ የአየሩን ሁኔታና የማድረቂያውን ደቂቃ ሁሉ ይዟል።

የተሰነጠቁትን እንዳትጥሉ። ፈርፍራችሁ አይስክሬም ላይ በትኑት።

በጾም

በጾም ወራት እንቁላል የለም፣ ማካሮን ግን ሊኖር ይችላል። የሽምብራ መቀቀያ ውኃ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ ይይዛል። ይህን ጆኤል ሮሴል የተባለ ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ2014 አሳወቀ፤ እኛ ስንት ዘመን ሽምብራ እየቀቀልን ውኃውን ስንደፋው ኖረናል። ጨው ሳትጨምሩ ቀቅሉ፣ ውኃውን አጥሉና እንደ ገና አፍሉት፣ እንደ እንቁላል ነጭ ወፈር እስኪል ይቀንስ። ይቀዝቅዝና 100 ግራም መዝኑ። መምታቱ ረዘም ይላል፣ አሥር ደቂቃና ከዚያም በላይ። ኦቨኑን ወደ 125 ዲግሪ አውርዱ፣ 25 ደቂቃ ገደማ ይጋገር። ለመሃሉ ክሬሙን በኮኮናት ወተት ተኩት፣ ቅቤውን ተዉት፣ ቸኮሌቱ ወተት እንደሌለበት ማሸጊያው ላይ አንብቡ። እግሩ ከእንቁላሉ ያነሰ ይሆናል፤ እማዬ ግን የምትበላው ይህንን ብቻ ነው፣ ስለዚህ እኔ ቤት በብዛት የሚሠራውም ይኸው ነው።

መግጠምና መጠበቅ

ቅርፊቶቹን በመጠናቸው ጥንድ ጥንድ አድርጋችሁ ደርድሩ። በአንዱ ላይ የአልመንድ ፍሬ የሚያህል ክሬም ጨምቁና ሌላውን ጠምዘዝ እያደረጋችሁ ግጠሙት፣ ክሬሙ ጠርዝ ድረስ እስኪደርስ። በኃይል አትጫኑት።

ዛሬ አትብሉት። ክዳን ባለው ዕቃ ፍሪጅ ውስጥ 24 ሰዓት ይቆይ። ክሬሙ ውስጥ ያለው እርጥበት ቀስ እያለ ወደ ቅርፊቱ ይገባል፣ ደረቅ የነበረው ይለሰልሳል፣ በትንሹ ባዶ የነበረውም ይሞላል። ቤት ውስጥ ልጆች ካሉ አምስት ስድስቱን ለዛሬ ለይታችሁ ስጧቸው፣ የቀረውን ከበርበሬው ዕቃ ጀርባ አስቀምጡ። ደግሞ ዕቃው በደንብ ይዘጋ፣ ማካሮን ፍሪጅ ውስጥ ያለውን የወጥና የሽንኩርት ሽታ ይስባል።

በማግስቱ ቡናው ሊቀርብ ግማሽ ሰዓት ሲቀረው ከፍሪጅ አውጡት።